የወፍ በሽታና ባዶው ብልቃጥ

የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ምግብ ሲዘጋው፣ ጎረቤት "የወፍ በሽታ ይዞታል" ይላል። የሌሊት ወፍ ናት ያመጣችበት የሚሉም አሉ። በየሰፈሩ የወፍ መድኃኒት የሚሰጥ አዋቂ አይጠፋም፤ አንዱ ቅጠል ቀጥቅጦ ያጠጣል፣ ሌላው ክንድ ላይ በእሳት ይተኩሳል። ታማሚው ጥቂት ሳምንታት ተኝቶ ይነሣና "እገሌ ባይደርስልኝ አልቆልኝ ነበር" እያለ ለሰፈሩ ያወራል። አዋቂው አልዋሸም፤ በዓይኑ ያየው ይህንኑ ነው። ታማሚውም አልዋሸም። ሁለቱም ያላዩት ግን አንድ ሰው አለ፦ በዚያው ሰሞን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ምንም ሳይጠጣና ሳይተኮስ በዚያው ሳምንት የተነሣ ጎረቤት።

ሕክምና ያንን ጎረቤት ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የፍለጋው መሣሪያ ደግሞ ውስጡ ምንም የሌለበት መድኃኒት ነበር። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባዶው መድኃኒት ስም፣ ፕላሴቦ፣ የላቲን ቃል ነው፤ "ደስ አሰኛለሁ" ማለት ነው። የመጣውም ከዳዊት ነው፤ በእኛም አቆጣጠር ከ114ኛው መዝሙር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለሙታን በሚደረገው የማታ ጸሎት መክፈቻ ላይ ይዜም ነበር። የሟች ዘመድ ሳይሆን እህል ውሃ ለመቅመስ ብሎ ከሐዘንተኛ መሐል ገብቶ የሚያዜም ሰው ስለማይጠፋ፣ "ፕላሴቦ የሚዘምር" ማለት የሸንጋይና የአስመሳይ ስም ሆኖ ቀረ። ተዝካር አሽትቶ የሚመጣ እንግዳ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሐኪሞች ቃሉን ወረሱት፤ ታማሚውን ከማዳን ይልቅ ደስ ለማሰኘት የሚሰጥ መድኃኒት መጠሪያ አደረጉት። ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ፣ የዳቦ ፍርፋሪ አድቦልቡሎ ክኒን ነው ብሎ ይሰጣል። ነውር አልነበረም።

በ1784 ፓሪስ ፍራንዝ አንቶን መስመር በሚባል ሐኪም ትታመስ ነበር። መስመር በሰው አካል ውስጥ የማይታይ የማግኔት ፈሳሽ ይዘዋወራል፣ እኔም አስተካክለዋለሁ ባይ ነው። ባለጸጋው ሁሉ ወደ እርሱ ይጎርፋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ተሻለኝ ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። የዛር ቤት ያየ አንባቢ በዚህ አይደነቅም። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኬሚስቱ ላቯዚዬና ሐኪሙ ጊዮቲን አባላት ነበሩ፤ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ሽማግሌው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም አለበት። ፍራንክሊን ሕመም ከቤት ስላዋለው ፈተናው የተደረገው ፓሲ በሚገኘው መኖሪያው ግቢ ውስጥ ነው።

የመስመር ተከታይ የሆነው ሐኪም ዴሎን 12 ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ይዞ መጣ። ከግቢው የአፕሪኮት ዛፎች አንዱን መርጦ "ማግኔት አደረግሁት" አለ። ልጁ ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ ተራ በተራ ወደ አራት ዛፎች ተወሰደ፤ እያንዳንዱን እንዲያቅፍ ተደረገ። ገና በመጀመሪያው ዛፍ ሥር አላበውና አሳለው። በሁለተኛው ራሱን አዞረው። በሦስተኛው ባሰበት፤ "እየቀረብኩ ነው" አለ። በአራተኛው ሥር እግሩ ተገትሮ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሣር ላይ አስተኙት። ከአራቱ ዛፎች አንዱም የተመረጠው ዛፍ አልነበረም። ኮሚሽኑ ያየውን ጻፈ፦ የማግኔት ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሠራው ምናብ ነው። ትልቁ ግኝት ግን ፍርዱ አይደለም፤ ያ ዓይን ላይ የታሰረ ጨርቅ ነው። እስከ ዛሬ ብዙው የመድኃኒት ፈተና ጨርቁን በሌላ መልክ ያስራል።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1799፣ ሁለተኛው ፈተና እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተደረገ። ኤሊሻ ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሁለት ሹል ብረቶች ሕመም የያዘው ቦታ ላይ ሲፈተጉ በሽታውን ስበው ያወጣሉ ብሎ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ብረቶቹ ዋጋቸው ውድ ነው፤ ገዢ ግን አላጡም። ሐኪሙ ጆን ሄይጋርዝ እንጨት አስጠርቦ፣ ብረት አስመስሎ ቀለም ቀባና፣ ቁርጥማት የያዛቸውን አምስት ታካሚዎች ፈተገበት። አራቱ ሕመሙ ቀለለን አሉ። በማግስቱ በእውነተኛው ብረት ፈተጋቸው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ሄይጋርዝ በዚህ አልሳቀም። ምናብ በሽታ እንደሚያመጣ ሁሉ ሊያሽልም እንደሚችል በመጽሐፍ አሳትሞ፣ ሐኪም በታማሚው ዘንድ የመታመን ኃይሉን አቅልሎ እንዳያየው መክሯል። እኛ በሁለት ቃል "ከፍትፍቱ ፊቱ" የምንለውን ነው።

በዚያ ዘመን በእኛ አገርም ሁለት ዓይነት መድኃኒት ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። አንዱ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላ አገር ኮሶ ትል የማይቀር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መራራውን አበባ በጥብጦ ይጠጣ ነበር፤ ትሉ ሲወጣ በዓይን ይታያል፣ ማንም አይከራከርም። አውሮፓውያን ወስደው በ19ኛው መቶ ዓመት ከመድኃኒት መዝገባቸው ጨመሩት። ሌላው ክታብ ነው፤ ደብተራው ብራና ላይ ጽፎ፣ በቆዳ ሰፍቶ አንገት ላይ የሚያስረው፤ አንዳንዴም ቀለሙ ታጥቦ የሚጠጣው። ኮሶ ለማያምነውም ይሠራል፤ ክታብ አማኝ ይፈልጋል። ልዩነቱን ሕዝቡ አያውቅም ነበር ማለት ግን ስድብ ነው። ለትሉ ወደ ክታብ ጸሐፊ የሄደ የለም።

የጠፋውን ጎረቤት በጨረፍታ ያየው ሰው አሜሪካዊው ኦስቲን ፍሊንት ነው። የሩማቲክ ትኩሳት በዚያን ጊዜ በብዙ ዓይነት መድኃኒት ይታከም ነበር፤ እያንዳንዱ ሐኪምም የራሱን ይመሰክርለታል። ፍሊንት 13 ታካሚዎችን መረጠና፣ ኳሲያ ከሚባል እንጨት የተቀመመ፣ እጅግ የቀጠነ መራራ ውሃ ብቻ ሰጣቸው። ለማስመሰል ነው። በ1863 ያሳተመው ውጤት በመድኃኒት ከታከሙት የተለየ አልነበረም። አገላብጦ ማንበብ ይቻል ነበር፤ "መራራው ውሃ ያድናል" ማለት። ፍሊንት ግን አልተሳሳተም፤ በሽታው የራሱ ጉዞ አለው፣ ጊዜው ሲደርስ ይለቃል፣ ሐኪሞች ሲመሰገኑ የኖሩት በበሽታው ጉዞ ነው አለ። ሐኪሞቹ የወፍ መድኃኒት አዋቂዎች ወገን ናቸው ማለቱ ነው፤ ያውም የራሱን የሥራ ባልደረቦች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰማንያ ዓመታት እዘላቸዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ጣሊያን አንዚዮ ላይ ቁስለኞች ሲያክም፣ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮች ማስታገሻ የሚጠይቁት እርሱ ከጠበቀው በታች ሆነበት። ለእነርሱ ቁስሉ ከጦር ሜዳ ወደ ቤት መመለሻ ደብዳቤ ነው። ያው ቁስል በሰላም ከተማ የመኪና አደጋ ቢሆን ያስጮኻል። ቢቸር በ1955 "ኃያሉ ፕላሴቦ" የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ 15 ጥናቶችንና 1,082 ታካሚዎችን ደምሮ፣ ከመቶ 35 ያህሉን ባዶው ክኒን አሽሏቸዋል አለ። ቁጥሩ በዓለም ዞረ። እስካሁንም "ከሦስት ሰው አንዱን ፕላሴቦ ያድነዋል" የሚል አይጠፋም። ቢቸር ግን ከወፍ መድኃኒት አዋቂው ጋር አንድ ስሕተት ሠርቷል፦ ክኒን የወሰዱትን ቆጠረ እንጂ ምንም ሳይወስዱ የተሻላቸውን አልለየም። በ1997 ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ጥናቶቹን መልሰው መርምረው፣ ከማሻሻሉ ብዙው በሽታው በራሱ የለቀቀበት እንደሆነ አሳዩ።

ታዲያ ባዶው ክኒን ምንም አይሠራም? ይሠራል፤ ግን በየትኛው ጓዳ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ የተባሉ ተመራማሪዎች መንጋጋቸውን ላስነቀሉ ሰዎች ማስታገሻ መስሎ የሚታይ ባዶ መድኃኒት ሰጡ። የተወሰኑት ሕመሙ ቀነሰላቸው። ቀጥለው ናሎክሶን ሰጧቸው፤ የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። የቀነሰው ሕመም ተመለሰ። ሰዎቹ የወሰዱት ሞርፊን ግን አልነበረም፤ የታገደው አንጎላቸው ራሱ ያመነጨው ማስታገሻ ነው። እምነቱ ኬሚስትሪ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የቱሪኑ ፋብሪዚዮ ቤኔዴቲ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘው፤ እውነተኛ ማስታገሻ ታካሚው ሳያይ በመሣሪያ ሲሰጠው፣ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ እያየው ከሚሰጠው ያነሰ ይሠራል። በ2001 ደግሞ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ባዶ መድኃኒት ወስደው መድኃኒት እየጠበቁ ሳለ አንጎላቸው ዶፓሚን ሲለቅ በምስል ታየ። በዚያው ዓመት ዴንማርክ የሚሠሩት ህሮብያርትሶንና ጎትሼ 114 ጥናቶችን ገምግመው፣ ፕላሴቦ ምንም ካለመውሰድ ጋር ሲነጻጸር ፋይዳው የጎላው በሕመም ስሜት ላይ እንጂ በሌላው ብዙም እንዳልሆነ ጻፉ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት አንጎል የሚያዝዛቸው ናቸው። ጉበት ውስጥ የገባ ቫይረስ ግን ትእዛዝ አይሰማም።

በአገራችን ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ እንጦጦ ጸበል ከሚጠመቁት መካከል ክኒኑን መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ አሉ። ጸበልን በፕላሴቦ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የኔ ሥራ አይደለም፤ የእምነት ጉዳይ ነው። ያ ቃል ግን ብዙ ሙግት ሊጨርሰው ያልቻለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋው።

ወደ ጎረቤቱ እንመለስ። ከቢቸር በኋላ ባዶው ክኒን ሥራ ለወጠ፤ ከአጽናኝነት ወደ መስፈሪያነት ተሻገረ። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ ባዶውን በዕጣ ይወስዳል፤ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም። ባዶውን የወሰደው ያ ሲፈለግ የኖረው ጎረቤት ነው፤ አሁን ስሙ መዝገብ ላይ ገባ። ግን ጎረቤት መሆን ዋጋ አለው። እናት ለልጇ ኤችአይቪ እንዳታስተላልፍ የሚረዳ መድኃኒት በ1994 ከታወቀ በኋላ፣ በአፍሪካና በእስያ ባዶ ክኒን የሚሰጥባቸው ጥናቶች በመቀጠላቸው በ1997 ታላቅ ሙግት ተነሣ፤ በአሜሪካ የማይፈቀደው ለምን እዚህ ይፈቀዳል ተባለ። በ2000 የሄልሲንኪ መግለጫ ሲሻሻል፣ የሚሠራ መድኃኒት ባለበት ታካሚን በባዶ ክኒን መተው እንደማይገባ ተጻፈበት። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

በ2006 ክረምት በካልካታ ድሃ ሰፈሮች፣ ኮሌራ በየዓመቱ በማይለይበት ቦታ፣ ሰዎች ከአንድ ዓይነት ብልቃጥ በአፋቸው ተንጠባጠበላቸው። ሁለቱን ዙር ከወሰዱት 66,900 ሰዎች 31,932ቱ የኮሌራ ክትባት ነው የደረሳቸው፤ 34,968ቱ በሙቀት የተገደለ፣ ለኮሌራ የማይፈይድ ባክቴሪያ። ዕጣው የወጣው በቤት ስለሆነ እናትና ልጆች አንድ ዓይነት ነው የጠጡት። በሁለት ዓመት ውስጥ ክትባቱን ከወሰዱት 20፣ ባዶውን ከወሰዱት 68 ጊዜ ኮሌራ ተመዘገበ። ክትባቱ ሻንኮል ይባላል።

የወፍ በሽታም በዚያው ዘመን ተራው ደረሰው። ዓይን ቢጫ የሚያደርጉ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ሄፓታይተስ ኢ በቆሸሸ ውሃ ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በራሱ ይድናል። በመጨረሻዎቹ ወራት ያለች ነፍሰ ጡር ግን ክፉኛ ትጎዳለች፤ ከአምስት አንዷ ልትሞት ትችላለች። አብዛኛው በራሱ በመዳኑ ነው የወፍ መድኃኒት አዋቂ ዝናው ለዘመናት ያልተነካው፤ ከእጁ የሚሞቱት ጥቂት ናቸው፣ የሚድኑት ብዙ። በኔፓል ሠራዊት 2,000 ወታደሮች ዕጣ ወጥቶባቸው ግማሹ የሄፓታይተስ ኢ ክትባት፣ ግማሹ ባዶ መርፌ ተወጉ። ሦስቱን ዙር ከጨረሱት 69 ታመሙ፤ 66ቱ ባዶ መርፌ የተወጉት ናቸው። ውጤቱ በ2007 ታተመ። ይህን ያህል የሠራው ክትባት ግን ገበያ አልወጣም። በቻይና ዶንግታይ ሌላ ክትባት ከ112,000 በላይ ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ እዚያ ጎረቤቱ በባዶ አልተሸነገለም፣ በምትኩ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ተሰጠው። ለእኔ ጨዋው መንገድ ይህ ነው። ሄኮሊን የተባለው ይህ ክትባት ቻይና ውስጥ በ2011 ፈቃድ አገኘ።

የሁለቱ ክትባቶች ነገር ወደ አገራችንም ደረሰ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ላይ ተኩስ ሲከፈት፣ ኑዌሮች በፓጋክና በአኮቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ተሻገሩ። በኢታንግ ልዩ ወረዳ ቴርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ሞላና በግንቦት 2006 ዓ.ም. ኩሌ ተከፈተ። ሸራ ድንኳን፣ የውሃ ቦቴ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ ሴቶች፣ ክረምቱ ሲገባ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጤና ጣቢያ ከፈቱ። በዚያው ክረምት በጋምቤላ ለስደተኛውና ለነዋሪው የኮሌራ ክትባት በአፍ ተሰጠ። ያ ጠብታ ሊታመን የበቃው የካልካታዎቹ ጎረቤቶች በ68ቱ ሕመም ስላስመሰከሩለት ነው።

ለወፍ በሽታ ግን የሚንጠባጠብ አልነበረም። ከሚያዝያ 2014 እስከ ጥር 2015 ድረስ በሌይቹር፣ በኩሌና በቴርኪዲ ካምፖች 1,117 ሰዎች በሄፓታይተስ ኢ ተጠርጥረው ተመዘገቡ፤ 21 ሞቱ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዕረፍት፣ ፈሳሽና ክትትል ነው፤ ከዚያ ውጭ ሥራው የጤና ባለሙያ ሳይሆን የክሎሪን፣ የሳሙናና የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። በእኛ አገር፣ በጋምቤላም በጎጃምም፣ መርፌ ያልወጋ ሐኪም እንዳከመ አይቆጠርም። እንዲህ ዓይነቱን ታካሚ ቪታሚን ወግቶ መሸኘት ቀላል ነው፤ ደስ ይለዋል፣ ከሳምንታትም በኋላ ድኖ ያመሰግናል። ነፍሰ ጡሯን ግን ያ መርፌ ከክትትል አንድ ቀን ያዘገያታል። በባዶ ክኒን ላይ ያለኝ ጸብ ይህ ብቻ ነው።

ፕላሴቦ ያለ ውሸትም ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ በፊት ተነሥቷል። በ2010 ቦስተን ውስጥ ቴድ ካፕቹክ የሆድ ቁርጠት የሚያሠቃያቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በግልጽ "ይህ ባዶ ክኒን ነው" ብሎ ሰጠ። በሦስት ሳምንት ከእነርሱ ከመቶ 59ኙ በቂ ፋታ አገኘን አሉ፤ ክኒን ካልወሰዱት ከመቶ 35ቱ። ሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶ አናግሯቸዋል፣ ነገሩን አስረድቷቸዋል። ለሆድ ቁርጠት ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 የሄፓታይተስ ኢ ክትባት በወረርሽኝ ጊዜ፣ ለነፍሰ ጡሮችም ጭምር፣ ሊታሰብበት ይገባል አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል ክትባቱ ከቻይና ወጥቶ ወደ አንድም ወረርሽኝ አልተላከም። በመጋቢት 2022፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የኑዌሮች አገር በሆነው ቤንቲዩ የተፈናቃዮች ካምፕ፣ የደቡብ ሱዳን ጤና ሚኒስቴርና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሄኮሊንን ለወረርሽኝ ምላሽ አዋሉት። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 40 የሆኑ ወደ 25,000 ሰዎች ተከተቡ፤ ነፍሰ ጡሮች አብረው ተሰለፉ። ዕጣ አልወጣም። ባዶ ብልቃጥ አልነበረም።